ዕቃ አልቀበልም ያለችው አየለች

አየለች የመጀመሪያ ሐሳቧ ነርስ መሆን ነበር። የተወለደችው ከጂንካ ከፍ ብሎ ባለ የአሪ መንደር ነው። አባቷ እንሰትና ቡና ያለማል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ያገለግላል። ነጥቧ ለነርስነት ሳይበቃ ሲቀር ከተማ ወረደችና አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከረመች። በ1995 ዓ.ም. ከተለጠፉት አንዱ «የሙዚየም ዕቃ ተንከባካቢ» ይላል። ሙዚየም የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ አለፈችው። ማታ ለአክስቷ ብታወራላት፣ «መንከባከብ ከሆነ ከነርስ በምን ይለያል? ግቢበት እንጂ» አለቻት። ገባችበት።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማው መሀል ባለው ሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ሊያርፍ ሲል ከብቶቹን የሚያባርር ዘበኛ ነበረው። ከሜዳው ጥግ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት አለ። እሱን ለሁለት ከፍለው የፊቱን ለጎብኚ፣ የኋላውን ለክምችት አድርገውታል። በኋላው ክፍል የሐመርና የበና ሴቶች የቆዳ ልብስ፣ ወንዶች የሚቀመጡበትም የሚንተራሱበትም ቦርኮቶ፣ የአሪ ሸክላ፣ ቅል፣ ጋሻና ከበሮ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ኮርኒስ የለውም። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ደግሞ ያፈሳል።

ከእሷ በፊት ክፍሉን የያዙት ጋሽ ሣህሌ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ጥቂት ጊዜ አብረዋት ሠሩ። ሥራውን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ ብል ያዩበት ዕቃ ላይ ከወባ ሠራተኞች ለምነው ያመጡትን ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበታል።

«ይኼ ከሌለ ሁሉም ያልቃል ልጄ» አሏት። «አፍንጫሽን ሸፈን አድርጊ እንጂ አትፍሪው።»

እሷም ነሰነሰች። የእጇ ቆዳ መላላጥ ሲጀምር የሳሙናው መስሏት ሳሙና ቀየረች። ኋላ ለስልጠና አዲስ አበባ ተላከች፤ ያ ዱቄት ዲዲቲ እንደሆነ፣ መርዝነቱም ዕቃው ላይ ለብዙ ዓመት እንደሚቆይ የሰማችው እዚያ ነው። አስተማሪው ይህን ሲናገር ሌሎቹ ሠልጣኞች ይጽፋሉ፤ እሷ እጇን ታያለች።

ተመልሳ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ጠየቀች። ብዙ ከተመላለሰች በኋላ የአትክልተኛ ወፍራም የጎማ ጓንት ተገዛላት። ስትከፍተው ሁለቱም የግራ እጅ ነው። ግዥ ክፍል ወስዳ ብታሳይ፣ «አንዱን ገልብጪና አድርጊው» ተባለች።

ከስልጠናው በኋላ ግን ሥራውን ወደደችው። ቆዳ ሲታጠፍ በእጥፋቱ እንደሚሰነጠቅ ስለገባት፣ አቡጀዲ ገዝታ በጥጥ እየሞላች መደገፊያ ሰፋችለት። ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው የኖሩትን ልብሶች አውርዳ አጋደመቻቸው። መስኮቱን ፀሐይ እንዳይገባበት በጨርቅ ጋረደች። ሰው ሲጠይቃት «ሕሙማን አሉኝ» ትላለች፤ አክስቷ ትስቃለች።

በ2004 ዓ.ም. ሉቃስ የሚባል ሰው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የበና ሰው ነው፤ ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ ወዲያ ባለ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ከአየለች ጋር በአንድ የወንጌል ስብሰባ ላይ ተያይተዋል።

«እህት አየለች፣ ይኼ የእናቴ ነው» አለና ፈታው። የፍየል ቆዳ ልብስ ነው፤ የፊቱም የኋላውም ጠርዙ በዶቃና በዛጎል ተለብጧል፤ ከታች የተንጠለጠሉት ትንንሽ ቀለበቶች ሲነኩ ይንሿሿሉ። ቅቤና ጢስ ይሸታል። እናቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነበር።

«የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች አቃጥለው ይሉኛል» አለ። «የድሮ ሕይወት ነው፣ ቤትህ አይሁን ይላሉ። ታላቅ እህቴ ደግሞ እኔ ጋ ይቅር ብላ ተጣልታኛለች። እሷ ቤት ቢሆን ትለብሰዋለች፣ ያልቃል። እዚህ ቢሆን ማንም አያቃጥለውም፣ ማንም አይለብሰውም ብዬ ነው።»

«እዚህ አይጠፋም» አለች አየለች። «እኔ እያለሁ ምንም አይነካውም።»

እንዲህ ያለ ቃል እንድትሰጥ ማንም አላስገደዳትም። ሉቃስ አመስግኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሥራ ጂንካ በመጣ ቁጥር ጎራ ይላል፤ ልብሱን ከሩቅ አይቶ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብት በሽታው አውርቷት ይሄዳል።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልብሱ በብል ተያዘ። አየለች ለምን እንደሆነ አልጠፋትም። የመንደር ልጅ ናት፤ ቆዳ እቤት ውስጥ ሲኖር እንዴት እንደሚኖር ታውቃለች። ይለበሳል፣ ይራገፋል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በየቀኑ ጢስ ያገኘዋል። እዚህ ግን ዝም ብሎ ይጋደማል። ያን ነጭ ዱቄት ደግሞ ዳግመኛ ላትነካ ምላለች።

በስልጠናው ሌላ መንገድ ተምራ ነበር። ዕቃውን በላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ብሉም እንቁላሉም ይሞታል። ሲወጣ ላስቲኩ ቶሎ አይፈታም፤ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፣ አለዚያ ውርጩ ቀልጦ ዕቃውን ያርሰዋል። ለዚህ የሚያስፈልጋት አንድ ዲፕ ፍሪዝ ብቻ ነው። በየዓመቱ እቅድ ውስጥ አስገባችው፤ በየዓመቱ ተሰረዘ። «የሞተ ቆዳ ለማቀዝቀዝ?» እያሉ የሳቁባትም አሉ።

በ2008 ዲፕ ፍሪዙ መጣ። ነጭ፣ ትልቅ፣ ሰው የሚያስተኛ። አየለች ቦታውን ጠርጋ ስትጠብቅ መኪናው በበሯ አልፎ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄደ። ኃላፊው አቶ ሀብታሙ ዘንድ ገባች። ሀብታሙ በዕድሜ ያንሳታል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከበላዩ ያሉትን በጣም ይፈራል።

«ለጊዜው ነው» አላት። «እንግዳ ይመጣል፣ ክበቡ ቀዝቃዛ መጠጥ የለውም፣ ሥጋው ይበላሻል። ከባህል ሳምንቱ በኋላ ወደ አንቺ ይዞራል።»

የባህል ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም በዓል አለፈ፤ ዲፕ ፍሪዙ እዚያው ቀረ። አየለች ክበብ ሻይ ልትጠጣ ስትገባ ሚሪንዳና የበሬ ታፋ አቅፎ ሲያጉረመርም ትሰማዋለች። ሻዩን ሳትጨርስ የምትወጣበት ቀን ነበር።

መላ ያመጣችላት የክበቡ ኃላፊ የሺመቤት ናት። የሺመቤት አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ናት። አንድ ቀን የአየለችን ፊት አይታ፣ «አዩ፣ ሁዳዴ ሲገባ እኮ ሥጋ የሚበላ የለም። ባዶ ነው የሚሆነው። ያኔ ለምን አታስገቢም?» አለቻት።

«ማን ይፈቅዳል?»

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደል?»

እንዲህ ሆኖ የዐቢይ ጾምን እንደ ጴንጤዋ አየለች በጉጉት የሚጠብቅ ሰው በግቢው ውስጥ ጠፋ። ቅበላው አልፎ የመጨረሻው ሥጋ ሲወጣ፣ የሺመቤት ዲፕ ፍሪዙን በሙቅ ውኃ ታጥበዋለች፤ አየለች ጥቅሎቿን ተሸክማ ትመጣለች። በሁለት ጾም ከበሮዎቹን፣ ጋሻዎቹንና ክፉኛ የተነቀዙትን ቦርኮቶዎች አስገብታ አወጣች፤ ዳኑ። ፋሲካ ሲደርስ ሥጋው ይመለሳል፣ እሷ ደግሞ ወደሚቀጥለው ዓመት ታያለች። በሽታው ግን ጾም አይጠብቅም።

በ2010 ተራው እስከዚያ ብሉን በብሩሽ እየለቀመች ያቆየችው የሉቃስ እናት ልብስ ሆነ። ጠቅልላ አስገባች። በዚያው ሳምንት ሀብታሙ ሐመር ወረዳ ዲመካ ከተማ ለሚዘጋጅ ኤግዚቢሽን ዕቃ ይዘሽ ሂጂ አላት።

«ጥቅሎቹን የሚያይ ሰው የለም» አለችው።

«ዲፕ ፍሪዝ ምን ጠባቂ ይፈልጋል?»

ሄደች። እሷ ዲመካ እያለች ጂንካ መብራት ጠፋ፤ ጠፍቶም ከረመ። ጀነሬተሩ የሚሠራው ለቢሮው ብቻ ነበር። የሺመቤት ዲፕ ፍሪዙ ሥር ውኃ ተኝቶ ብታይ ደነገጠች። ስልክ ሞከረች፤ ኔትወርክ የለም። ዕቃው ሊበሰብስ ነው ብላ አሰበች። ጥቅሎቹን አወጣች፣ ላስቲካቸውን ፈታች፣ ርሰው ስታገኛቸው እርጥብ ቆዳን ሰው እንደሚያደርገው ቆርቆሮ ላይ አስጥታ በፀሐይ አደረቀቻቸው።

አየለች ስትመለስ የሺመቤት በር ላይ ጠበቀቻት። «ላተርፈው ብዬ ነው» አለቻት። ልብሱ ደርቆ እንደ ቋንጣ ሆኗል። በእጥፋቱ ተሰነጣጥቋል፣ ከጎኑ ሻግቷል፣ ቅቤው ቀልጦ ጠቁሯል። ብሉ ደግሞ አልሞተም። አየለች ስትገለብጠው ከስፌቱ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ወጣ።

የሺመቤትን አልተቆጣቻትም። ሀብታሙንም አልተቆጣችውም። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ብሉን በብሩሽ ለቀመች፣ ሻጋታውን ጠረገች፣ ስንጥቁን ከሥሩ በስስ ጨርቅ ደገፈች። የኋላው ክፍል ግን ዕለት ዕለት እየተፈረፈረ ሄደ። ሉቃስ ሲመጣ ክፍሉ እየታደሰ ነው ትለዋለች። አንዴ እንዲህ ስትለው ሉቃስ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየና ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት በክልሉ ሙዚየሞች የሚሠሩ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የልምድ ልውውጥ ጂንካ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። ከየዞኑ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ይመጣሉ ሲባል አየለች ተደሰተች። ከአዲስ አበባው ስልጠና ወዲህ ሥራዋን የሚሠራ ሌላ ሰው አግኝታ ተጫውታ አታውቅም። የልብሱን ፎቶ፣ የዲፕ ፍሪዙን ታሪክ፣ የዲዲቲውን ነገር ሁሉ አዘጋጀች። ከስብሰባው በፊት ሀብታሙ ጠራት።

«ይቺን ፎቶ አውጪያት» አላት።

«ለምን?»

«ልምድ ልውውጥ ነው እንጂ አቤቱታ አይደለም። እንግዳ ጠርተን ገበናችንን እናሳይ?»

«የተበላሸውን ካላሳየሁ ምን ልምድ አለኝ?»

«ተግዳሮት የምትል አንድ ስላይድ ትኑርሽ። እዚያ ላይ በነጥብ በነጥብ አስቀምጪ። አንዳንድ ውስንነቶች ነበሩ በይ፣ በቂ ነው።»

በስብሰባው ዕለት ጠዋቱን ሙሉ የመክፈቻ ንግግር ሆነ። የየዞኑ ተወካይ ምስጋና አቀረበ። ከሻይ በኋላ ሪፖርት ተነበበ። የአየለች ተራ ሲደርስ መድረክ መሪው ሰዓት አልቋል፣ አጠር አድርጊው አላት። ቆማ «በአፈጻጸም ረገድ አንዳንድ ውስንነቶች ነበሩ» ስትል የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ተጨበጨበላት።

በማግስቱ እንግዶቹ ወደ አርባ ምንጭ ሲመለሱ እስከ ወይጦ እንድትሸኛቸው ታዘዘች። እዚያ አንድ የማኅበር የንብ ቀፎ ሥራ ጎብኝተው እሷ በሌላ መኪና ትመለሳለች። ወይጦ ሲደርሱ የሚኒባሱ ሞተር ቀበቶ ተበጠሰ። ቅያሪው ከኮንሶ እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር ባለች ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወይጦ ያቃጥላል። የቀረበው ለስላሳ ሙቅ ነው። ኃላፊዎቹ በሌላ መኪና ቀድመው ስለሄዱ የቀሩት ባለሙያዎቹ ብቻ ናቸው።

ንጉሤ የሚባል ከደጋ ወረዳ የመጣ ጎልማሳ፣ «ትናንት አንዳንድ ውስንነቶች ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

አየለች ስልኳን አውጥታ የልብሱን ፎቶ ሰጠችው። እሱ አይቶ ለጎረቤቱ አቀበለ። ስልኩ ሁሉንም ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ ለሉቃስ የሰጠችውን ቃልም ሳይቀር።

«እኛም ጋ ክዳኑ ያፈሳል» አለ ንጉሤ። «ምስጥ ሲገባብኝ ቅርጽ ያለባቸውን የእንጨት ዓምዶች ናፍታ ቀባኋቸው። ምስጡ ሄደ። ዓምዶቹ ግን ጠቆሩ፣ የተቀረጸባቸው ጠፋ። በሪፖርቱ ላይ ታክመዋል ብለን ጻፍን። አሁን ጎብኚ ሲመጣ ያንን ጥግ በመጋረጃ እሸፍናለሁ።»

የአብሥራ የምትባል ወጣት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራ ወደ ሥራው የገባች ናት። እሷ ከቆዳ ውጭ ስላለው ነገር ተናገረች። ለእንጨትና ለቅል ዲፕ ፍሪዝ እንደማያስፈልግ፣ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማዋል እንደሚበቃ፣ ቴርሞሜትር አብሮ ማስገባት ግን የግድ እንደሆነ አስረዳች።

«ወይጦ ላይማ እንቁላልም ይበስላል» አለች። «ቆዳ ላይ ግን እንዳትሞክሪው። የደረሰብሽን አይተሻል።»

«ለቆዳውስ?» አለች አየለች። «እኛ አገር ጢስ ነው መድኃኒቱ። ክፍሉን ላጢሰው?»

«አይሆንም። ጢሱ ብሉን ያርቀዋል፣ ጥቀርሻው ግን ቆዳውን ቀስ በቀስ ይበላዋል።»

«ቀስ በቀስ ስንት ዓመት ነው? ብሉ እኮ ሁለት ዓመት አልፈጀበትም።»

«እውነትሽን ነው» አለች የአብሥራ። «ለመብራት ለማያስተማምን ቦታ የተጻፈ ነገር አላነበብኩም።»

ንጉሤ ጢሱን ደገፈ፣ ሌላው ተቃወመ፣ ክርክሩ ጋለ። ቀበቶው መጥቶ ሾፌሩ ኑ ሲላቸው የሚነሳ ጠፋ። ከመለያየታቸው በፊት የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ፤ ስሙን «ብል» አሉት። አየለች ወደ ጂንካ ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ ተናደደች። ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ፣ የተነጋገሩት መኪና ስለተበላሸ ነው።

ግሩፑ እንደ ሁሉም ግሩፕ ሆነ። የበዓል መልካም ምኞት ይበዛበታል፤ አንዱ መዝሙር ይልካል፣ አንዱ የሽያጭ ማስታወቂያ። አልፎ አልፎ ግን ጥያቄ ይመጣል፣ መልስም ይገኛል። አየለች የቀሩትን ቦርኮቶዎች በጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ላይ አውላ ፎቶውን ላከች። ተሳክቶላት ነበር።

የፈራችው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሉቃስ ታላቅ እህቱን ይዞ መጣ። እህቱ ረዥም፣ ከሲታ፣ የቆዳ ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ አማርኛ ብዙም አትሰማም። ልጇ ልትዳር ነው፤ ለልጇ ልታወራላት የእናቷን ልብስ ማየት ፈልጋለች። አየለች ክፍሉ እየታደሰ ነው ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋን ስታያት ቀረ። ሣጥኑን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

የዶቃውና የዛጎሉ ጠርዝ ደኅና ነው። የቀረው ግማሹ ፍርፋሪ ሆኗል። እህትየዋ እጇን ሰደደችና ሳትነካው መለሰችው። በበና ቋንቋ ዝግ ብላ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች አየለች።

«ተዪው» አለ ሉቃስ።

«ንገረኝ ወንድም ሉቃስ።»

«ቢቃጠል ይሻል ነበር ነው የምትለው። እሳት ቶሎ ይጨርሳል ትላለች።»

አየለች መብራቱን፣ ዲመካን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ልትነግራቸው ጀመረች። ሉቃስ መሀል ላይ አቋረጣት። «ገብቶኛል፣ አንቺ አይደለሽም» አለ። ግን ሲናገር አላያትም። እህቱ ልብሱን መልሱልኝ ስትል፣ አየለች ወደ ሀብታሙ ሮጠች።

«አንዴ የመዘገብነው የመንግሥት ንብረት ነው» አለ ሀብታሙ። «ለግለሰብ ብመልስ ነገ ኦዲተር የሚጠይቀው እኔን ነው።» ሐሰት አልተናገረም። ተመልሳ ይህን ስትነግራቸው እህትየዋ ሉቃስ ተርጉሞ እስኪጨርስላት እንኳ አልጠበቀችም፤ ወጥታ ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ በዞኑ የቅርስ ማሰባሰብ ዘመቻ ታወጀ። ለሚመጣ በዓል ከየወረዳው ዕቃ ይሰበሰባል፣ ለሙዚየሙም ኮታ ወጥቶለታል። ሀብታሙ አየለችን ዲመካና ቀይ አፈር መደባት።

«አልሄድም» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ቤት ገብቼ፣ ስጡኝ፣ እኔ ጋ አይጠፋም አልልም። ይጠፋል። ክፍሉ ኮርኒስ እስኪኖረው፣ ዲፕ ፍሪዙ እስኪመለስ አንድ ዕቃ አልቀበልም።»

«ሌላ ሰው ይሄዳላ።»

«ይሂድ። የሚያመጣውን ግን አልረከብም።»

ሀብታሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየለች፣ እኔንም አንቺንም ያስጠይቃል። ዝም ብለሽ ተቀበይና የምትችዪውን አድርጊ።»

«የምችለውን አድርጌ ነው ያ ልብስ እንዲህ የሆነው።»

ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የክምችቱን ቁልፍ ተቀብለዋት መግቢያው ላይ ለጎብኚ ትኬት እንድትቆርጥ አደረጓት። በቦታዋ የተተካው ለማ የሚባል የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። በዘመቻው የመጣው ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ተከመረ። ለማ በየጠዋቱ እየመጣ፣ «እትዬ አየለች፣ ከከረጢቱ ዱቄት ይፈሳል፣ ምንድነው?» ይላታል። «እንጨቱ ነው» ትለዋለች፤ «ነቀዙ የሚጥለው።» ከወንበሯ ተነስታ ለመግባት እግሯ ይበላታል፤ ግን ከልክለዋታል። አንዳንድ ቀን ለማ በሩን ክፍት ትቶ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ያኔ ገብታ የቻለችውን ታራግፋለች። ቤቷ ስትገባ በእነዚህ ዓመታት አግብታ የወለደቻቸው ልጆቿ «ዛሬም ተናደሽ መጣሽ?» ይሏታል።

ኮሮና መጥቶ ሙዚየሙ ተዘጋ። ተከፈተ። ክልሉ ተከፍሎ አዲስ ክልል ሲሆን፣ ለክፍሉ ጥገና የቀረበው ጥያቄ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ እንደ አዲስ አቅርቡ ተባለ። ሀብታሙ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። በእሱ ቦታ ኤልሳ የምትባል ሴት ተሾመች፤ በመጀመሪያው ሳምንት አየለችን ወደ ክምችት ክፍሏ መለሰቻት።

«ምን ምን ያስፈልግሻል?» አለቻት። አየለች ለዓመታት ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ኤልሳ ሰምታ ሰምታ፣ «ሁሉንም አልችልም፤ አንዱን ምረጪ» አለቻት።

አየለች ኮርኒሱን መረጠች። ዲፕ ፍሪዙ ያለ መብራት ምን ያደርጋል ብላ ነው። ኮርኒሱ ተሠራ፤ ግን በፊተኛው ክፍል፣ ጎብኚ በሚያየው። ለኋላው በጀት አልቋል ተባለ። ኤልሳ ራሷ አፍራ፣ ክበቡ በኪራይ ሲሰጥ ዲፕ ፍሪዙን አስመጣችላት። ሲሰኩት አልሠራም። ሞተሩ ተቃጥሏል። አየለች ዛሬ ዕቃዋን የምታስቀምጥበት ሣጥን አድርጋዋለች፤ ክዳኑ ጥሩ ይገጥማል።

ስለ ልብሱ ግን ኤልሳ መንገድ አገኘች። መመለስ አይቻልም፤ ለባለቤቱ ቤተሰብ በውሰት መስጠት ግን ይቻላል። አየለች ደወለች። ሉቃስ ከእህቱ ጋር መጣ። እህትየዋ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠች፣ ልብሱን አገላበጠችና ወደ ቤት እንደማትወስደው በወንድሟ በኩል ተናገረች። ቆዳው ሞቷል። ዶቃውንና ዛጎሉን ፈትታ በአዲስ የፍየል ቆዳ ላይ ለልጇ ትሰፋዋለች።

አየለች የተማረችው የአንድን ዕቃ ክፍሎች መለያየት ነውር እንደሆነ ነው። ወደ ሉቃስ አየች፤ እሱ ወለሉን ያያል። ከመሣቢያዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ክሩን ስትቆርጥ ቆዳው እንዳይፈረፈር አየለች በሌላው ጫፍ ያዘችላት። ሲያልቅ አየለች ዶቃውንና ዛጎሉን በውሰት መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ሉቃስ ፈረመ። ሲሄዱ ሉቃስ ሰላምታ ሰጥቷት ሄደ፤ እህቱ አልሰጠቻትም።

አየለች ያደረገችውን «ብል» ላይ ጻፈችው። የአብሥራ ተቃወመች፤ ፍርፋሪውም ቢሆን ከነዶቃው መቀመጥ ነበረበት፣ አንድ ቀን የሚመረምረው ይመጣ ነበር አለች። ንጉሤ ደግሞ ዶቃው ሰው ወገብ ላይ ቢዞር ይሻለዋል አለ። ለብዙ ቀን ተከራከሩ። አየለች አነበበች እንጂ አልመለሰችም፤ የትኛው ልክ እንደሆነ አታውቅም ነበር።

አሁንም እዚያው ትሠራለች። የኋላው ክፍል ያፈሳል፤ ጠብታውን በባልዲ ትቀበለዋለች። አልፎ አልፎ ሰዎች የአባታቸውን ጋሻ ወይም የአያታቸውን ቅል ይዘው ይመጣሉ። ታስቀምጣቸዋለች፣ ሻይ ታስመጣላቸዋለች፣ ዕቃውን ታይና ብል አለበት የለበትም ትነግራቸዋለች። እንዴት አድርገው እቤታቸው እንደሚያቆዩት አስረድታ መልሳ ታስይዛቸዋለች። አንዳንዶቹ ይቀየሟታል፤ ሙዚየም ሆኖ እንዴት አይቀበልም ይላሉ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲዘጋጅ «አዲስ የተሰበሰበ ቅርስ» ከሚለው አጠገብ ምንም ትጽፋለች።

«ዘንድሮም ምንም?» ትላታለች ኤልሳ።

«ዘንድሮም» ትላታለች አየለች፤ ባልዲዋን ይዛ ወደ ኋላው ክፍል ትሄዳለች።